የሮኬት መገጣጠምና ፍተሻ ምህንድስና፦ የሙያው ምንነትና የኢትዮጵያ ተሞክሮ

ሮኬት ከመወንጨፉ በፊት ለወራትና ለዓመታት በባለሙያዎች እጅ ይቆያል። ከማስወንጨፊያው መድረክ ከተነሣ በኋላ ግን የላላ ቡሎን የሚያጠብቅለት ወይም በስህተት የተገጠመ ገመድ የሚያስተካክልለት ሰው የለም። በመሆኑም የጉዞው ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው አስቀድሞ በመሬት ላይ፣ በመገጣጠሚያ አዳራሽና በመፈተሻ ጣቢያ ውስጥ ነው። ይህን ሥራ በኃላፊነት የሚመራው ባለሙያ የማምረቻ መሐንዲስ ይባላል።

ኢትዮጵያ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሁለት ሳተላይቶችን በቻይና ሮኬቶች አማካይነት ወደ ምሕዋር የላከች ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም በሥራው ተሳትፈዋል። ሙያውን በመጠኑም ቢሆን ማወቅ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞችና ኃላፊዎች የሚሰጠው ጠቀሜታ ከዚህ ይመነጫል። የቴክኖሎጂ ውል የሚፈርም፣ ግዥ የሚያጸድቅ ወይም ባለሙያዎችን ለሥልጠና የሚልክ አካል፣ የሚረከበው ዕቃ በማን፣ በምን መሣሪያና በየትኛው መመሪያ እንደተፈተሸ መጠየቅ ይኖርበታል።

በአየር ጤና ሥራ ቤቶችና በሮኬት ፋብሪካ መካከል ያለው ልዩነት

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚገኘው አየር ጤና አካባቢ፣ በጅማ መንገድ ግራና ቀኝ ጋራዦች፣ የብየዳና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ይታያሉ። በእነዚህ ሥራ ቤቶች በየዕለቱ የሚነገሩት ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቶርኖ፣ ላሜራና ሞላ የሚሉት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ቃላት የሚያመለክቷቸው ነገሮች በሮኬት ፋብሪካም አሉ። ብረት ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ ይሞረዳል፤ ክፍሎች በቡሎን ይታሰራሉ፤ ማስተላለፊያ ቱቦዎች እንዳያፈሱ በጎማ ቀለበት ይታሸጋሉ።

ልዩነቱ የሚመጣው በአሠራሩ ነው። በጋራዥ ውስጥ ልምድ ያለው መካኒክ የቡሎንን ጥብቀት በክንዱ ስሜት ያውቀዋል። ቡሎኑ ቢላላ መኪናው ድምፅ ያሰማል፤ ባለቤቱም መልሶ ያመጣዋል። በሮኬት መገጣጠሚያ ግን የእጅ ስሜት እንደ ማረጋገጫ አይቆጠርም። ቡሎን ሲጠብቅ እንደ ሞላ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ከልክ በታች ከጠበቀ በንዝረት ይፈታል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ይዳከማል ወይም ይበጠሳል። ስለሆነም የማጥበቂያው ኃይል ማለትም ቶርኩ በንድፉ ላይ በቁጥር ይቀመጣል። ሠራተኛው ቶርክ በሚለካ ቁልፍ ያጠብቃል፤ ያገኘውንም ቁጥር ይመዘግባል። የቁልፉ መለያ ቁጥርና ቁልፉ በትክክል መለካቱ የተረጋገጠበት ቀን አብረው ይጻፋሉ። ሌላ ተቆጣጣሪም አይቶ ይፈርማል። ከዓመታት በኋላ ጥያቄ ቢነሣ፣ ያንን አንድ ቡሎን ማን፣ መቼና በየትኛው ቁልፍ እንዳጠበቀው ከመዝገቡ ማግኘት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው በብዛቱም ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ ከ1967 እስከ 1973 ድረስ 13 ጊዜ የተወነጨፈው የአሜሪካው ሳተርን 5 ሮኬት 110 ሜትር ያህል ቁመት የነበረው ሲሆን፣ ከሦስት ሚሊዮን የማያንሱ ክፍሎች ነበሩት። ከአንድ ሺህ ክፍሎች አንዱ ብቻ ጉድለት ቢኖረው እንኳ በጠቅላላው ወደ ሦስት ሺህ የሚደርሱ ጉድለቶች ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

አጭር ታሪካዊ ዳራ

በባሩድ የሚሠራ ሮኬት መነሻው ቻይና ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጦር ሮኬትን እንደ ጦር መሣሪያ አድርጎ ይጠቀምበት ነበር። በጄኔራል ናፒየር የተመራው ጦር በመቅደላ ዘመቻ ወቅት ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ሮኬት መተኮሱ በታሪክ ተመዝግቧል።

በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያ ሮኬት እ.ኤ.አ መጋቢት 16 ቀን 1926 ያስወነጨፈው አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመን ቪ-2 የተባለውን ሮኬት በብዛት ማምረቷ የሮኬት ሥራን ከጥቂት ተመራማሪዎች እጅ አውጥቶ ወደ ፋብሪካ አስገባው። እ.ኤ.አ ጥቅምት 4 ቀን 1957 የሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ የማምረቻ መሐንዲስ ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ ሆኖ ጎላ።

ምሥራቅ አፍሪካም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ጣሊያን በኬንያ ማሊንዲ አቅራቢያ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባቆመችው ሳን ማርኮ በተባለው መድረክ እ.ኤ.አ ከ1967 እስከ 1988 ሳተላይቶች ተወንጭፈዋል። ከእነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 በኬንያ የነፃነት ቀን የመጠቀውና በስዋሂሊ ነፃነት የሚል ትርጉም ያለው ኡሁሩ የተባለ ስም የተሰጠው የኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ሳተላይት ነው። ቦታው የተመረጠው ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ ነበር። ምድር በምድር ወገብ አካባቢ የምትሽከረከርበት ፍጥነት ከፍተኛ ስለሆነ፣ ወደ ምሥራቅ የሚወነጨፍ ሮኬት ከዚያ ፍጥነት ተጠቃሚ ይሆናል።

የማምረቻ መሐንዲሱ የሥራ ድርሻ

የንድፍ መሐንዲስ ሮኬቱ ምን መምሰልና ምን መሥራት እንዳለበት ይወስናል። የማምረቻ መሐንዲስ ደግሞ ያ ንድፍ በሰው እጅና በመሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ይወስናል። ሥራውም በሚከተሉት ዋና ዋና ክፍሎች ይከፈላል።

የመጀመሪያው ንድፉን ከምርት አንጻር መመርመር ነው። በወረቀት ላይ የሚያምር ክፍል ቁልፍ በማይገባበት ቦታ ላይ ቡሎን ሊኖረው ይችላል። ሁለት የሚመሳሰሉ መሰኪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ለስህተት የሚጋብዙ ሊሆኑም ይችላሉ። መሐንዲሱ ይህን ሥራው ከመጀመሩ በፊት አይቶ ለንድፍ ክፍሉ ያሳውቃል።

ሁለተኛው የሥራ መመሪያ መጻፍ ነው። መመሪያው እያንዳንዱን እርምጃ በቅደም ተከተል፣ ከሥዕልና ከልኬት ጋር ያስቀምጣል። ጥሩ መመሪያ የሚባለው የጻፈው ሰው በሌለበት ቀን ሌላ ሠራተኛ አንብቦት ያንኑ ውጤት ሲያስገኝ ነው። መመሪያው ከሚገጣጠመው ክፍል ጋር ከጣቢያ ወደ ጣቢያ አብሮ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ሲጠናቀቅም ይፈረምበታል።

ሦስተኛው መሣሪያዎችንና መያዣዎችን ማዘጋጀት ነው። የሮኬት የነዳጅ ጋን ትልቅ ሆኖ ግድግዳው ስስ ነው። ከሮኬቱ የመነሻ ክብደት ከ85 እስከ 90 በመቶ ያህሉ ነዳጅና ማቀጣጠያ በመሆኑ፣ ለአካሉ የሚተርፈው ክብደት ጥቂት ነው። ስለዚህ ጋኑ ሲበየድና ሲጓጓዝ እንዳይጣመም በልዩ መያዣ ይደገፋል።

አራተኛው ጉድለት ሲገኝ የሚወሰደውን እርምጃ መምራት ነው። አንድ ክፍል ከተቀመጠለት ልኬት ቢወጣ ሠራተኛው በራሱ ውሳኔ አስተካክሎ አያልፈውም። ክፍሉ ምልክት ይደረግበትና ከሌሎች ተለይቶ ይቀመጣል፤ የጉድለት ሪፖርትም ይጻፋል። ከዚያም የንድፍ፣ የማምረቻና የጥራት ባለሙያዎች ተሰብስበው ይጠገን፣ ይጣል ወይም እንዳለ ይወሰድ የሚለውን ይወስናሉ። የጉድለቱ ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ ጉዳዩ አይዘጋም።

የመገጣጠሚያው አካባቢ ንጽሕናም በመሐንዲሱ ኃላፊነት ሥር ነው። ፈሳሽ ኦክሲጅን ከቅባት ጋር ሲገናኝ በቀላሉ ሊቀጣጠል ስለሚችል የቱቦዎች ውስጣዊ ክፍል ከማንኛውም ቅባት ይጸዳል። በጋን ውስጥ የተረሳ አንዲት ዳዶ ወይም የጨርቅ ቁራጭ ወደ ሞተሩ ፓምፕ ብትገባ ሮኬቱን ልታጠፋ ትችላለች። በዚህም ምክንያት ሠራተኞች ወደ ሥራ ሲገቡና ሲወጡ መሣሪያዎቻቸውን ይቆጥራሉ። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ቢጎድል እስኪገኝ ድረስ ሥራው ይቆማል።

የፍተሻ ዓይነቶች

ፍተሻ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የብቃት ማረጋገጫ ፍተሻ ሲሆን፣ ለመብረር ያልታሰበ ናሙና ተወስዶ በበረራ ከሚያጋጥመው በላይ የሆነ ጫና እንዲሸከም ይደረጋል። ዓላማውም ንድፉ አስተማማኝ መሆኑን ማወቅ ነው። ሁለተኛው የርክክብ ፍተሻ ነው። ይህ በእያንዳንዱ በሚበር ዕቃ ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ ዓላማው ያ የተወሰነ ዕቃ ያለ ጉድለት መሠራቱን ማረጋገጥ ነው። የአንድ ናሙና ብቃት መረጋገጡ በተከታታይ የሚመረቱት ሁሉ ደህና ናቸው ማለት ስላልሆነ፣ ሁለቱ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የብየዳ መስመሮች ዕቃውን ሳያበላሹ በኤክስሬይና በረቂቅ ድምፅ ሞገድ ይመረመራሉ። ጋኖች በሥራ ላይ ከሚያጋጥማቸው ከፍ ባለ ግፊት ይፈተናሉ። ለዚህ ፍተሻ ብዙ ጊዜ ውኃ ይመረጣል፤ የታመቀ ጋዝ ጋኑን ቢሰነጥቀው እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ሲችል ውኃ ግን ያን ያህል ጉልበት አያከማችም። ጥቃቅን ፍሳሾች በሂሊየም ጋዝ ይፈለጋሉ፤ የሂሊየም አቶሞች እጅግ ትናንሽ በመሆናቸው ሌላ ጋዝ በማያልፍበት ቀዳዳ ያልፋሉ።

የኤሌክትሪክ ገመዶች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካሉ። ከመሪ ኮምፒዩተሩ ወደ ቀኝ ታጠፍ የሚል ትእዛዝ ሲላክ አፈሙዙ በእርግጥ ወደ ቀኝ መታጠፉ በዓይን ይታያል። ሞተሮች በፍተሻ ማማ ላይ ታስረው ይቀጣጠላሉ። በመጨረሻም የተገጣጠመው ሮኬት በማስወንጨፊያው መድረክ ላይ ነዳጅ ተሞልቶ፣ የመነሻው ቆጠራ እስከ መጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ድረስ ይለማመዳል። ነዳጁ መሞላቱ ራሱ ፈተና ነው፤ ፈሳሽ ኦክሲጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ፣ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ደግሞ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ስላላቸው ብረቱ ይኮማተራል፤ በሙቀት ጊዜ ደህና የነበረ መጋጠሚያም ሊያፈስ ይችላል።

ሮኬቱ የሚሸከማት ሳተላይትም የራሷ ፈተናዎች አሏት። በመነሻው ጊዜ የሚደርስባትን ንዝረት በሚያስመስል ጠረጴዛ ላይ ትናወጣለች። አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ገብታም የፀሐይን ሙቀትና የምድርን ጥላ ቅዝቃዜ እያፈራረቀች ትቀበላለች።

ከአደጋዎች የተገኙ ትምህርቶች

የሙያው ሕጎች አብዛኞቹ ከደረሱ አደጋዎች የተገኙ ናቸው። እ.ኤ.አ በሚያዝያ 1970 ወደ ጨረቃ በመጓዝ ላይ የነበረችው አፖሎ 13 መንኮራኩር የኦክሲጅን ጋኗ ፈነዳ። ሦስቱ ጠፈርተኞች በሕይወት ተመልሰዋል። ምርመራው እንዳረጋገጠው የአደጋው መነሻ ከበረራው በፊት የተፈጸሙ ስህተቶች ነበሩ። ጋኑ በፋብሪካ ውስጥ ሲነሣ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ወድቆ ነበር። በጋኑ ውስጥ የነበረው የሙቀት መቆጣጠሪያ ማብሪያ ማጥፊያ ለ28 ቮልት የተሠራ ሲሆን፣ በመሬት ላይ ፍተሻ ጊዜ 65 ቮልት ተለቀቀበት። በፍተሻው ጊዜ ኦክሲጅኑ በተለመደው መንገድ አልወጣ ሲል ማሞቂያው ለስምንት ሰዓት ያህል በራ፤ ማብሪያ ማጥፊያውም ተጣብቆ ቀረ። የሙቀት መለኪያው ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ካለ ቁጥር በላይ ማሳየት ስለማይችል፣ ውስጡ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል ማንም አላወቀም። የገመዱ ሽፋን ተቃጥሎ ተጋለጠ፤ ጋኑም እንደዚያው ወደ በረራ ሄደ። መለኪያው ሊያሳይ ከሚችለው በላይ የሆነ ነገር ሲፈጠር ፍተሻው ራሱ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ይህ አጋጣሚ አሳይቷል።

እ.ኤ.አ ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ከተነሣች ከ73 ሴኮንድ በኋላ ወድማ ሰባቱም ተሳፋሪዎቿ ሕይወታቸውን አጥተዋል። የተጎዳው የጠጣር ነዳጅ ሮኬቱን ክፍሎች የሚያሽገው የጎማ ቀለበት ሲሆን፣ በዚያ ቀን በነበረው ቅዝቃዜ መለጠጡን አጥቶ ነበር። መሐንዲሶች ከማስወንጨፉ በፊት በነበረው ምሽት ሥጋታቸውን አቅርበው የነበረ ቢሆንም ውሳኔው በኃላፊዎች ተሽሮ ነበር።

እ.ኤ.አ ሐምሌ 2 ቀን 2013 የሩሲያው ፕሮቶን ሮኬት ሦስት የአቅጣጫ መጠቆሚያ ሳተላይቶችን እንደያዘ ከተነሣ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ተገልብጦ ተከሰከሰ። ምክንያቱ የመዞሪያ ፍጥነትን የሚለኩ መሣሪያዎች ተገልብጠው መገጠማቸው ነበር። መሣሪያዎቹ ትክክለኛውን አቅጣጫ የሚያሳይ ምልክት ነበረባቸው፤ አለቦታቸው ሲገቡም በኃይል ተገፍተው እንደነበር ከተገኙት አሻራዎች ታውቋል። እ.ኤ.አ በኅዳር 2020 ደግሞ የአውሮፓው ቬጋ ሮኬት በአራተኛው ደረጃ ላይ ገመዶች ተቀያይረው በመገጠማቸው የስፔንና የፈረንሳይ ሳተላይቶች ጠፍተዋል። በሁለቱም አደጋዎች የተሰበረ ክፍል አልነበረም፤ በጤናው የነበረ ክፍል አለቦታው ተገጥሞ፣ ፍተሻውም ሳያገኘው አልፎ ነበር።

ከሁሉም ይበልጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከተው ግን በቶረስ ኤክስኤል ሮኬት ላይ የደረሰው ነው። ይህ ሮኬት እ.ኤ.አ በየካቲት 2009 እና በመጋቢት 2011 ሁለት የአየር ንብረት ምርምር ሳተላይቶችን ይዞ ሲነሣ፣ በሁለቱም ጊዜ የአፍንጫው ሽፋን ሳይለቅ ቀርቶ ሳተላይቶቹ ጠፍተዋል። የአሜሪካ የህዋ አስተዳደር ናሳ እ.ኤ.አ በ2019 እንዳስታወቀው፣ የሽፋኑን መልቀቂያ የአሉሚኒየም ክፍል ያቀረበው አምራች ለ19 ዓመታት ያህል የጥንካሬ ፍተሻ ውጤቶችን ሲያጭበረብር ቆይቷል። ፍተሻውን ያላለፉ ዕቃዎች አልፈዋል የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። የደረሰው ኪሳራ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ተገልጿል። ወረቀቱ ሙሉ፣ ፊርማው በቦታው፣ ማኅተሙም የተሟላ ሆኖ ሳለ ዕቃው ግን ከወረቀቱ ጋር አይገናኝም ነበር።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

በዘርፉ ስማቸው ከሚነሣ ኢትዮጵያውያን መካከል ዶክተር ቅጣው እጅጉ ይገኙበታል። በአየር ጤና በኩል ከአዲስ አበባ የሚወጣው የጅማ መንገድ ከጅማ አልፎ በሚያደርሳት በቦንጋ፣ ከፋ፣ በ1940 ዓ.ም. የተወለዱት ዶክተር ቅጣው፣ በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምረዋል። ይህ ተቋም በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከተገነባባቸው መሠረቶች አንዱ ነው። ከዚያም ወደ ጃፓን ሄደው በሂሮሺማ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ትምህርታቸውን የተከታተሉ ሲሆን፣ በናሳና በቦይንግ የህዋ መሣሪያዎች ምህንድስና ሥራ ላይ አገልግለዋል። ጥር 1998 ዓ.ም. በአሜሪካ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

በአገር ውስጥ የህዋ ሳይንስን ለማስፋፋት የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሥርቷል። በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3 ሺህ 200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የምርምር ማዕከል ተገንብቷል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2009 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ከጂኦስፓሻል ኢንፎርሜሽን ተቋም ጋር ተዋህዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኗል።

የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ጣቢያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ወደ ህዋ ተልካለች። ሳተላይቷ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ስትሆን፣ ለሁለት ዓመት እንድታገለግል ታስባ የተሠራች ነበረች። በወቅቱ እንደተገለጸው ወጪዋ ስምንት ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ስድስት ሚሊዮን የሚሆነውን የሸፈነችው ቻይና ናት። የመቆጣጠሪያና መረጃ መቀበያ ጣቢያዋ በእንጦጦ ተቋቁሟል። ሮኬቱ 45 ሜትር ያህል ቁመትና 250 ቶን የሚጠጋ የመነሻ ክብደት ያለው ባለ ሦስት ደረጃ ነው። ሁለተኛዋ ኢቲ ስማርት አርኤስኤስ የተባለች ከዘጠኝ ኪሎ ግራም በታች የምትመዝን ትንሽ ሳተላይት ስትሆን፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ከሃይናን ደሴት በሎንግ ማርች 8 ሮኬት የመጀመሪያ በረራ ተልካለች።

በእነዚህ ሥራዎች የተገኘው ዋነኛ ጥቅም ከተላኩት ምስሎች ጋር የባለሙያዎቹ ልምድ ነው። ሳተላይት አገልግሎቷ ሲያበቃ ትተካለች። በመገጣጠሚያ አዳራሽ ቆሞ የሥራ መመሪያ ያነበበ፣ የፍተሻ ውጤት የመዘገበና በጉድለት ስብሰባ የተቀመጠ መሐንዲስ ግን ወደ ሌላ ሥራ ቢሄድ ወይም ከአገር ቢወጣ በቀላሉ አይተካም። ኢትዮጵያ በአገር ውስጥ የሳተላይት መገጣጠሚያና መፈተሻ ማዕከል የማቋቋም ዕቅድ እንዳላት መገለጹ ይታወሳል። ግብፅ በቻይና ድጋፍ የገነባችው ተመሳሳይ ማዕከል እ.ኤ.አ በ2023 የተመረቀ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ምስርሳት-2 የተባለችው ሳተላይት ተፈትሻበት ወደ ህዋ ተልካለች። እንዲህ ያለ ማዕከል የሚገነባ አገር የንዝረት ጠረጴዛና አየር የወጣለት ክፍል ከመግዛቱ ጎን ለጎን፣ መሣሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሱትን ባለሙያዎች አስቀድሞ ማዘጋጀትና ማቆየት ይኖርበታል።

ለሙያው የሚቀርብ ሌላ ልምድ በአቪዬሽን ዘርፍ ይገኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአውሮፕላን ጥገና ማዕከል ሥራውን የሚያከናውነው በጽሑፍ መመሪያ፣ በፊርማና በመሣሪያ ቁጥጥር ነው። አየር መንገዱ ለቦይንግ አውሮፕላኖች የሚውሉ የኤሌክትሪክ ገመድ ጥቅሎችን አምርቶ ሲያቀርብም ቆይቷል። እያንዳንዱ ገመድ በትክክለኛው መሰኪያ ውስጥ መግባቱን የሚያረጋግጠው ይህ ሥራ፣ ቬጋ ሮኬት ላይ የጎደለው ጥንቃቄ ራሱ ነው።

ወደ ሙያው የሚወስደው መንገድ

በአየር ጤና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም በሌላ የአገሪቱ ትምህርት ቤት የሚማር ወጣት ወደ ሙያው ለመግባት በሒሳብና በፊዚክስ ጠንካራ መሠረት መያዝ ይኖርበታል። ቀጥሎም በሜካኒካል፣ በኤሌክትሪካል፣ በኢንዱስትሪያል ወይም በማቴሪያልስ ምህንድስና ዲግሪ ያስፈልጋል። ዲግሪው ብቻውን በቂ አይደለም። ብየዳን በእጁ ያልሞከረ፣ በቶርኖ ላይ ያልቆመ መሐንዲስ ሠራተኛው ሊፈጽመው የማይችለውን መመሪያ ይጽፋል። በመሆኑም የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በዚህ ሙያ አይነጣጠሉም። የተዋጣለት በያጅ ወይም ገጣጣሚ በመገጣጠሚያ አዳራሹ ውስጥ ከመሐንዲሱ ያላነሰ ተሰሚነት አለው።

የመለኪያ መሣሪያዎች ትክክለኛነት የሚረጋገጥበት ተቋምም የግድ ያስፈልጋል። በአገራችን ይህ ሥራ የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ኃላፊነት ነው። መለኪያዋ ያልተረጋገጠ ሚዛን በገበያ ላይ ገዢን እንደምትጎዳ ሁሉ፣ ልኬቱ ያልተረጋገጠ ቁልፍም በፋብሪካ ውስጥ የተመዘገበውን ቁጥር ሁሉ ዋጋ ያሳጣል።

ሙያው ከሠራተኛው የሚጠይቀው ሌላም ጠባይ አለ። ይኸውም ስህተትን ሳይደብቁ መናገር ነው። ዕቃ ከእጁ የወደቀበት ሠራተኛ ጉዳት ባይታይበትም እንኳ ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ ይጠበቃል፤ ይህም የሚሆነው የተናገረ የማይቀጣበት አሠራር ሲኖር ነው። አምስት ሴንቲሜትር የወደቀ ጋን ሦስት ሰዎችን ከምድር ርቀው ለሞት አፋፍ አድርሷል። ሥጋቱን የሚገልጽ መሐንዲስ በስብሰባ ላይ ዝም ሲባልም ምን እንደሚከተል የቻሌንጀር ታሪክ ያስረዳል።

የሮኬት መገጣጠምና ፍተሻ ሥርዓት በየመሥሪያ ቤቱ ከሚከናወነው የርክክብ ሥራ የሚለየው በጥብቀቱ ነው። መንገድ፣ ሕንፃ፣ ትራንስፎርመር ወይም የሕክምና መሣሪያ የሚረከብ ኮሚቴ ፊርማውን ሲያኖር ዕቃውን አይቻለሁ፣ ለክቻለሁ፣ ከውሉም ጋር አመሳክሬያለሁ ማለቱ ነው። በሮኬት ሥራ ላይ ሳይታይ የተቀመጠ ፊርማ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይጋለጣል። በሌሎች ሥራዎች ደግሞ ጉዳቱ ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ በመጨረሻ የሚከፍለው ግን አገልግሎቱን የሚጠብቀው ሕዝብ ነው።